ሲታጠፍ የሚላላ፣ ሲሸከም የሚጠብቅ፦ ስለ ተጣጣፊ የጠርሙስ መያዣ አነዳደፍ

ጥያቄ፦ ስድስት ባለ 1 ሊትር የፔት (የተለመደው የመጠጥ ጠርሙስ ፕላስቲክ) ጠርሙሶችን የሚይዝ፣ ባዶ ሲሆን የሚታጠፍ፣ በኢንጄክሽን ማሽን (የቀለጠ ፕላስቲክን በኃይል ወደ ቅርጽ ማውጫ በሚያስገባ ማሽን) የሚመረት መያዣ እየነደፍሁ ነው። የጠርሙሱ ዲያሜትር 85 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 240 ሚሊሜትር ነው። ሐሳቤ ወለሉን፣ ግድግዳዎቹንና እጀታውን በአንድ ጠፍጣፋ ቁራጭ አውጥቼ፣ ከዚያው ፕላስቲክ ሳስተው በተሠሩ ማጠፊያዎች ማገናኘት ነበር። ናሙናውን በስሪዲ ፕሪንተር አትሜ ጠርሙሶቹን ጭኜ ባነሣው ማጠፊያዎቹ ተሰነጠቁ። ፕላስቲኩን ልቀይር ወይስ ማጠፊያውን ላወፍር?

ምላሽ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። ችግሩ ያለው በፕላስቲኩም በውፍረቱም ሳይሆን ክብደቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። በነደፉት ቅርጽ የስድስቱም ጠርሙሶች ክብደት ከወለሉ ወደ እጀታው የሚደርሰው በማጠፊያዎቹ በኩል ብቻ ነው። ማጠፊያ የተሠራው ለመዞር ነው። ዕቃው ባዶ ሆኖ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይዙር፤ ጭነት ሲመጣ ግን ከመንገዱ ዘወር ብሎ ሸክሙን ለሌላ ክፍል ማስረከብ አለበት። ይህን አንድ ነገር ከያዝን የቀረው ንድፍ ከሞላ ጎደል ራሱ ይመጣል።

ስለ ናሙናው አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚህ ተስፋ ቆርጦ ጥሩ ሐሳብ ይጥላል። ስስ ማጠፊያ የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ቀልጦ እየፈሰሰ ሲያልፍበትና ከሞልድ (ከብረት ቅርጽ ማውጫው) እንደወጣ ገና ትኩስ ሳለ ሲታጠፍ ነው። ያን ጊዜ ረጃጅሞቹ ሞለኪውሎች በማጠፊያው ላይ አቋርጠው በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ጥንካሬውን የሚሰጠውም ይህ ሰልፍ ነው። ፕሪንተር ግን ፕላስቲኩን በንብርብር ስለሚደርብ ያ ሰልፍ አይገኝም። ስለዚህ የታተመው ማጠፊያ መሰንጠቁ ስለ እውነተኛው ማጠፊያ የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው። የእርስዎ ናሙና በተሰነጠቀበት ቦታ ከሞልድ የወጣውም ቢሆን ዕድሜው አጭር ይሆን ነበር፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ስስ ማጠፊያ መታጠፍን በብዛት ይችላል፤ እየተጎተተና እየተጣመመ መሸከምን ግን አይችልም። ውፍረቱ በተለምዶ ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ነው። ጥንካሬ ፍለጋ 1 ሚሊሜትር ቢያደርጉት ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ገጽ ከሚችለው በላይ ይለጠጥና ቶሎ ይነጣል፣ ቀጥሎም ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ቅርጹ እንሂድ። ልኬቱን ከውጭ ወደ ውስጥ መጀመር ይሻላል። 1200 በ800 ሚሊሜትር የሆነው የዕቃ መጫኛ ፓሌት በ300 በ200 ቢከፈል በአንድ ንብርብር 16 መያዣ ያለ ትርፍ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ የውጭ ልኬቱን 296 በ196 ያድርጉት፤ የቀረችው ጥቂት ሚሊሜትር ዕቃዎቹ እንዳይተሻሹና ከፓሌቱ ጠርዝ እንዳይወጡ ነው። ግድግዳውን ከነማጠንከሪያው 8 ሚሊሜትር ብናደርገው ውስጡ 280 በ180 ይሆናል። ለሁለት ረድፍ 90፣ ለሦስት ዓምድ ደግሞ 93 ሚሊሜትር ይደርሳል። ባለ 85ቱ ጠርሙስ ሳይጨናነቅ ይገባል። እንዳይንገጫገጭ ወለሉ ላይ ለእያንዳንዱ 12 ሚሊሜትር ያህል ጥልቀት ያለው መቀመጫ ያብጁለት።

በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ትልቁ ራስ ምታት እጀታው ነው። ግድግዳ አጭር ስለሆነ በቀላሉ ይታጠፋል፤ እጀታ ግን ከጠርሙሶቹ አናት በላይ መድረስ አለበት፣ ማለትም 300 ሚሊሜትር ያህል ከፍታ። ብዙ ነዳፊዎች በሁለቱ ረድፎች መካከል አንድ ረጅም ግድግዳ አቁመው ከላዩ ላይ እጀታ ይከፍታሉ። ቆሞ ሲታይ ያምራል። ሲታጠፍ ግን ወደ ጎን ተኝቶ ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው ስፋት 98 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ 200 ሚሊሜትር ያህሉ ከወለሉ ወጥቶ ይንጠለጠላል። መፍትሔው ረጅሙን ክፍል በረጅሙ አቅጣጫ ማስተኛት ነው። በሁለቱ አጫጭር ጎኖች ላይ ሁለት ረጃጅም ክፈፎች ይቁሙ፤ ሲታጠፉ በ280ው ርዝመት ላይ አንዱ በሌላው ላይ ይተኛሉ። የአንደኛው ቁመት 270፣ የሌላኛው 262 ይሁን። የሚያለያያቸው 8 ሚሊሜትር የመጣው ማጠፊያዎቻቸው በተለያየ ከፍታ ላይ ስለሚቀመጡ ነው፦ የጎን ግድግዳዎቹ (በረጃጅሞቹ ጎኖች ያሉት) ከታች 20 ሚሊሜትር ላይ፣ የመጀመሪያው ክፈፍ 28 ላይ፣ ሁለተኛው 36 ላይ። እያንዳንዱ ክፍል ከበታቹ ባለው ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲተኛ ይህ ደረጃ ግዴታ ነው። ሁሉንም ማጠፊያዎች በአንድ ከፍታ ያስቀመጠ ንድፍ በወረቀት ላይ ይታጠፋል፣ በእጅ ግን አይታጠፍም።

ሁለቱን ክፈፎች ከላይ የሚያገናኘው የእጀታ ዘንግ ነው። በአንደኛው ክፈፍ አናት ላይ እየዞረ፣ በሌላኛው ላይ እየገባ የሚቆለፍ ይሁን። ርዝመቱ 255 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የክፈፎቹ አናት ወደ ውስጥ ትንሽ ወጣ ብሎ ቀሪውን ቢሞላ፣ ዘንጉ ሲታጠፍ ከራሱ ክፈፍ ጋር ተስተካክሎ ወደ ታች ይወርዳል።

እዚህ ላይ ቁጥር እንሥራ። ስድስት ጠርሙሶች ከነፈሳሻቸው ከ6 ኪሎ ግራም ትንሽ ይበልጣሉ፤ ከመያዣው ጋር 7 ኪሎ እንበል። ሰው ዕቃን በዝግታ አያነሣም፤ ነጥቆ ያነሣል፣ ደረጃ እየወረደ ያወዛውዛል። ስለዚህ በ3 አባዝተን 210 ኒውተን ያህል እንውሰድ። እጅ 100 ሚሊሜትር ያህሉን ይይዛል ብለን፣ 28 ሚሊሜትር ስፋት፣ 22 ሚሊሜትር ቁመትና 2.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የቦይ ቅርጽ ዘንግ ብንወስድ፣ ከፍተኛው ውጥረት ወደ 19 ሜጋፓስካል (በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር 19 ኒውተን) ይደርሳል። ግጭት የሚችለው የፖሊፕሮፒሊን ዓይነት ወደ 25 ሜጋፓስካል አካባቢ መላላት ይጀምራል፤ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። የቀረው መጠባበቂያ በጣም ጠባብ ነው። ቁመቱን ብቻ ከ22 ወደ 32 ብናሳድገው ውጥረቱ ወደ 9 ሜጋፓስካል ይወርዳል። 10 ሚሊሜትር ጭማሪ ውጥረቱን ከግማሽ በታች አደረገችው። ውፍረትን በመጨመር ይህን ውጤት ለማግኘት እጥፍ ያህል ፕላስቲክ ያስፈልግ ነበር፤ የማቀዝቀዣው ጊዜም ከውፍረቱ ጋር በካሬ ስለሚያድግ እያንዳንዱ ምርት በሞልድ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። በፕላስቲክ ሥራ ጥንካሬ የሚገዛው በቅርጽ ነው።

የቦዩ አፍ ወደ ላይ ይሁን፣ የተደፈነው ገጽ ወደ ታች። ዕቃ ስንሸከም ክብደቱ የሚያርፈው በጣቶቻችን ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው፤ አፉ ወደ ታች ከሆነ ሁለት ስስ ጠርዞች ሥጋ ውስጥ ይገባሉ። ይህን የሚስቱ ንድፎች አሁንም በብዛት ይመረታሉ፣ እጅን ይጎዳሉም። የታችኛውን ገጽ ጠርዞች በደንብ ያክቡ፤ ውሃ እንዳይቋጥር ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይተዉለት። በዘንጉ ሥርና በጠርሙሶቹ ክዳኖች አናት መካከል የሚቀረው 23 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ይህ ብቻውን ጠባብ ቢመስልም በሁለቱ የክዳን ረድፎች መካከል 60 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ስላለ ጣት በምቾት ይጠቀለላል።

32 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ዘንግ ሲታጠፍ የት ይገባል? የጎን ግድግዳዎቹን ቁመት 72 ሚሊሜትር ያድርጉ። ሁለቱ ወደ ውስጥ ሲተኙ 144 ሚሊሜትር ይሸፍኑና መሃል ላይ 36 ሚሊሜትር የሆነ ቦይ ይቀራል። በክፈፎቹም መሃል ተመሳሳይ መስኮት ይክፈቱ፤ ለማንኛውም ክብደት ለመቀነስ መስኮት ያስፈልጋቸዋል። ዘንጉ በዚያ ቦይ ውስጥ ይሰምጣል። እንግዲህ የታጠፈው ዕቃ ቁመት 20 እና ሦስት ጊዜ 8፣ ማለትም 44 ሚሊሜትር ይሆናል። ቆሞ 300 ገደማ የነበረው ወደ 7 እጥፍ ይቀንሳል። ባዶ መመለሻ ጉዞ ላይ የሚገኘው ትርፍ ይኸው ነውና ለእያንዳንዷ ሚሊሜትር መታገል ተገቢ ነው።

ወደ ዋናው ነጥብ ልመለስ፤ ክብደቱ ከወለሉ ወደ ክፈፉ እንዴት ይሻገራል? ክፈፉ በፒን ይዙር፤ ፒኑ የሚገባበት ቀዳዳ ግን ክብ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች 2 ሚሊሜትር የረዘመ ይሁን። ከፒኑ በታች የክፈፉ እግር ይቀጥልና ወደ ውስጥ የታጠፈ ጥፍር ይኑረው። ክፈፉ ሲቆም ጥፍሩ በወለሉ ጠርዝ ላይ ካለ ወፍራም ከንፈር ሥር ይገባል። ሰው እጀታውን ሲያነሣ ክፈፉ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ከፍ ይላል፣ ጥፍሩ ከንፈሩን ይይዛል፣ ፒኑ በረዘመው ቀዳዳ ውስጥ ነጻ ሆኖ ይቀራል። ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ጥፍሩ ይበልጥ ይነክሳል፤ በጭነት ላይ ሳለ ክፈፉን ማጠፍ አይቻልም። መሬት ላይ ሲያርፍ ደግሞ ይላላና እንደፈለጉ ይታጠፋል። የዘንጉ ጫፍም በዚሁ ሕግ ይሠራ፦ በክፈፉ አናት ካለ ትከሻ ሥር ከጎን ይንሸራተት፣ ሲነሣ ወደ ላይ ተጭኖ ትከሻው ላይ ይቀመጥ። ጠቅ ብላ የምትይዘው ትንሿ ምላስ ባዶ ሲሆን እንዳይወላለቅ ብቻ ትጠብቀው፤ ሸክም አትስጧት። ለምላሷ 15 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 2 ሚሊሜትር ውፍረትና 1.5 ሚሊሜትር መጎንበስ ብትሰጧት በሥሯ ላይ የሚደርሰው መለጠጥ 2 በመቶ ያህል ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን ይህን ሺህ ጊዜ ቢደጋገምም አይሰለቸውም።

ጥፍሩ ሲታጠፍ ወደ ውጭ ስለሚዞር ፒኑን ከጠርዙ ወደ ውስጥ 10 ሚሊሜትር ያህል ማስገባት ያስፈልጋል። የጠርሙስ ቦታ የሚወስድ ይመስላል፤ አይወስድም። ክብ ነገር አራት ማዕዘን ውስጥ ሲቀመጥ ማዕዘኖቹ ባዶ ይቀራሉ። በ85 ሚሊሜትር ጠርሙስ ጥግ ላይ 12 በ12 ሚሊሜትር የሆነ ማንም የማይጠቀምበት ቦታ አለ። ማጠፊያዎችዎን፣ ጥፍሮችዎንና የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎችዎን እዚያ ያስቀምጡ።

ወለሉ በሁለት ጫፉ ብቻ ስለሚንጠለጠል መሃሉ ይጎብጣል። ከሥሩ በረጅሙ አቅጣጫ የሚሄዱ ሪቦች (ቀጫጭን ማጠንከሪያ ክንፎች) ያስፈልጉታል። የግድግዳው ውፍረት 2.5 ሚሊሜትር ከሆነ የሪቡ ውፍረት ከ1.5 አይብለጥ፤ ከዚያ ከወፈረ በተቃራኒው ገጽ ላይ የመሰርጎድ ምልክት ይታያል። የጎን ግድግዳዎቹም ሲቆሙ ጫፋቸው በክፈፎቹ ውስጥ ገብቶ ቢያዝ ወለሉን እንደ ተሸካሚ አግዳሚ ሆነው ያግዙታል። ይህን ዕድል አያባክኑት።

በመስታወት ጠርሙስ ለመጠቀምም ካሰቡ መከፋፈያ ግዴታ ይሆናል፤ ፔት ከፔት ጋር ቢነካካ ችግር የለውም፣ መስታወት ግን ይጫጫራል፣ ይሰበራልም። ክብደቱም ስለሚጨምር ከላይ ያሉት የእጀታ ስሌቶች እንደገና መሠራት አለባቸው። ሰዎች መጀመሪያ የሚያስቡት እርስ በርሱ በግማሽ የተሰካካ ጥልፍልፍ መከፋፈያ ነው፤ ወደ ጎን ሲገፋ ጠፍጣፋ ይሆናል። ግን ሲተኛ ርዝመቱ የሁለቱ ጎኖች ድምር ነው፤ 280 ሲደመር 180፣ 460 ሚሊሜትር። ወለሉ ላይ አይገባም። እኔ የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው፦ መከፋፈያውን ከራሱ ከጎን ግድግዳው ላይ መቁረጥ። በእያንዳንዱ ረጅም ግድግዳ ላይ ሁለት መስኮቶች ይኑሩ፤ በየመስኮቱ ውስጥ ያለው ክዳን በአንድ ቋሚ ጠርዝ ብቻ ተያይዞ ወደ ውስጥ 90 ዲግሪ ይዙር። ከላይና ከታች 15 ሚሊሜትር የሆነ መቀነት ግድግዳውን አንድ ላይ ይይዘዋል። በዚህ ቦታ ስስ ማጠፊያ ፍጹም ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ክዳኑ ምንም ሸክም የለበትም። የሚወዱት ማጠፊያ ቦታውን አገኘ ማለት ነው። ቀልጦ የሚገባው ፕላስቲክ ማጠፊያውን በአንድ አቅጣጫ አቋርጦ እንዲሞላ ያድርጉ። ከሁለት በኩል የመጡ ፍሰቶች ማጠፊያው ላይ ከተገናኙ የመገናኛው መስመር እዚያው ይፈጠርና ማጠፊያው ቀድሞ የሚበጠሰው በዚያ መስመር ነው።

ሁሉንም በአንድ ሞልድ የማውጣት ሐሳብዎ ርካሽ ይመስላል። ቁጥሩ ግን ሌላ ይላል። የተዘረጋው ጠፍጣፋ ቁራጭ ክፈፎቹ ግማሽ በግማሽ መስኮት ቢሆኑ እንኳ 1600 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ስፋት አለው። ሞልድ ዘግቶ ለመያዝ ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 0.4 ቶን ያህል ኃይል ቢወሰድ ከ600 ቶን በላይ የሆነ ማሽን ያስፈልጋል፤ የሞልዱ ብረትም ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ይኖረዋል። ለብቻው የሚወጣው ወለል ግን 580 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ለእርሱ 250 ቶን ማሽን ይበቃል። ክፍሎቹ አምስት ዓይነት ናቸው፦ ወለል፣ የጎን ግድግዳ፣ ሁለቱ ክፈፎች፣ ዘንግ። ሁለቱ ክፈፎች የሚለያዩት በላይኛውና በታችኛው ጫፋቸው ብቻ ስለሆነ በሞልዱ ውስጥ የሚቀያየር ቁራጭ ብረት በማስገባት በአንድ ሞልድ ይወጣሉ። ስለዚህ አራት ሞልድ። አንድ ክፍል ሲሰበርም ያን ክፍል ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ይህ ለሚመላለስ ዕቃ ትልቅ ነገር ነው። በሁሉም ላይ ከሞልድ መውጫ ዝንባሌ ቢያንስ 1 ዲግሪ ይስጡ፤ ጥፍሮቹን ደግሞ ከሥራቸው ቀዳዳ በመክፈት ተንሸራታች የሞልድ ክፍል ሳያስፈልግ እንዲወጡ አድርገው ይንደፉ። ተንሸራታች ክፍል ሞልዱን ያስወድዳል፣ ጥገናውንም ያበዛል።

ስለ መኮማተር ልዩ ጥንቃቄ ያድርጉ። ፖሊፕሮፒሊን ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 2.5 በመቶ ይኮማተራል። በ296 ሚሊሜትር ላይ የ0.5 በመቶ ልዩነት 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ ጥፍር ከንፈሩን ለመሳት ይህ ይበቃል። መጋጠሚያዎቹ ያሉበትን የሞልድ ክፍል በመጀመሪያ ብረቱን ተርፎ እንዲቀር አድርገው ያሠሩት፤ ብረት መቀነስ ይቻላል፣ መጨመር ግን ከባድና ውድ ነው።

ፕላስቲኩን በተመለከተ ግጭት የሚችለውን የፖሊፕሮፒሊን ኮፖሊመር (ከሌላ ዓይነት ሞለኪውል ጋር ተጣምሮ የተሠራውን) ይምረጡ። ተራው ፖሊፕሮፒሊን በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርቅና ሲወድቅ ይፈነከታል፤ የመጠጥ መያዣ ደግሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ኤችዲፒኢ የሚባለው ጠንካራ ፖሊኤቲሊን በብርድ ከዚህም የተሻለ ነው፣ የቢራ ሳጥኖችም በብዛት የሚሠሩት በእርሱ ነው፤ ነገር ግን ግትርነቱ ያነሰ ነው፣ ስስ ማጠፊያ አይወጣለትም፣ ውጥረት ላይ ሳለ ሳሙና ሲነካውም ቀስ በቀስ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፀሐይ ላይ የሚቆይ ከሆነ የፀሐይ መከላከያ ተጨማሪ ማስገባትዎን አይርሱ። ቀለሙ ጥቁር ቢሆን ቅር ካላለዎት 2 በመቶ ያህል የካርቦን ጥላሸት ከሁሉም በላይ ይከላከላል።

ከሞልዱ በፊት የሚቀጥለውን ናሙና በዚህ መልክ ቢሠሩት እመክራለሁ። ወለሉን፣ ክፈፎቹንና ዘንጉን አሁንም በፕሪንተር ማተም ይቻላል፤ የመጋጠሚያውን ቅርጽና የመታጠፊያውን ቅደም ተከተል ለማየት በቂ ነው። ባለ ክዳኑን የጎን ግድግዳ ግን ከፖሊፕሮፒሊን ጠፍጣፋ ቁራጭ በማሽን ይቅረጹት፤ ማጠፊያው ያለበትን መስመር አሳስተው ብዙ ጊዜ ያጥፉት። የመታጠፊያውን ቅደም ተከተል ለማያውቅ ሰው ዕቃውን ያለ ምንም ማብራሪያ ይስጡና ዝም ብለው ይመልከቱ። ተራውን አሳስቶ ቢገፋው የሚሰበር ነገር ካለ፣ ተጠቃሚውን ከማስተማር ይልቅ ቅርጹን ይቀይሩ።

ከሞልድ የወጣውን የመጀመሪያ ዕቃ ደግሞ 20 ኪሎ ጭነው በእጀታው ለአንድ ሳምንት ይስቀሉት፣ በሙቅ ክፍል ውስጥ፣ 40 ዲግሪ አካባቢ። ፕላስቲክ በቅጽበት የሚችለውን ሸክም በቆይታ አይችለውም፤ ቀስ እያለ ይለመጣል። በየቀኑ የዘንጉን መጎበጥና የጥፍሮቹን ቦታ ይለኩ። መጎበጡ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ከረጋ ጥሩ ነው፤ በየቀኑ በእኩል መጠን እየጨመረ ከሄደ ዘንጉ ከፍ ማለት አለበት። ሌላውን ዕቃ አንድ ሌሊት በማቀዝቀዣ አሳድረው ጠርሙሶቹን እንደያዘ ከወገብ ከፍታ በማዕዘኑ ይጣሉት። ከዚያ ስኳር ያለበት መጠጥ በማጠፊያዎቹ ላይ አፍስሰው ያድርቁትና ያጥፉት። ከተጣበቀ በፒኑና በቀዳዳው መካከል ያለውን ክፍተት ሰፋ አድርገው ውሃ ከላይ ገብቶ ከታች የሚወጣበትን መንገድ ይክፈቱለት።